ግንባር ላይ የቆሙት ጸጉሮች

ውድ እኅቶቼ፣ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጸጉር መጻፌን ስታዩ «የመጋቢ ሚስት ሌላ የምትጽፈው አጣች እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን በአንዲት እኅቴ ላይ የፈጸምኩትን ጥፋት ሳልናገር ብቀር ልቤ አያርፍም፤ ጥፋቱ ደግሞ የተጀመረው ከጸጉር ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፍኖተ ሰላም በምናገለግልበት አጥቢያ የመዘምራኑን አለባበስ የምከታተለው እኔ ነበርኩ። አንዲት ዘማሪ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ወደ አገልግሎት ተመለሰች። ከትከሻዋ ወርዶ ጀርባዋን ይሸፍን የነበረው ጸጉር ሳስቷል። ግንባሯና ጆሮ ግንዷ ዙሪያ ደግሞ ጣት የማይሞሉ አጫጭር ጸጉሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ረጅሙን ወደ ኋላ ብታስይዘውም እነዚያ እሺ አይሉም። ክረምት ስለነበር ዝናቡና እርጥበቱ ይበልጥ አስነሥቷቸዋል። ከመዝሙር በፊት ለብቻዋ ጠራኋትና «እኅቴ፣ ሰው ፊት ስንቆም እንዲህ ተንጨባርረን አይሆንም። ጄል ቀቢና ጠበቅ አድርገሽ ተሠሪው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለችኝ።

ለካስ በዚያው ሰሞን ሚዶ ባነሣች ቁጥር ጸጉሯ በጭብጥ እየወጣ፣ ክፉ በሽታ ይዞኛል ብላ ለባሏ እንኳ ሳትናገር ታለቅስ ኖሯል! እኔ ስለ ልጁ ጡት መጥባት ጠይቄአለሁ፤ ስለ እርሷ ግን አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ቀጭን ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ከመጥበቁ የተነሣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። እኔም አመሰገንኳት። በየሁለት ሳምንቱ እየፈታች እንደገና እንደዚያው ትሠራ ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግንባሯ ላይ ትናንሽ ብጉንጅ የመሰሉ ነገሮች ወጡባት። አልተኛ ያሏትን አጫጭሮች አንድ ቀን በምላጭ አነሣቻቸው። መልሰው ሲበቅሉ እንደ አጨዳ ገለባ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ከመዘምራን ቀረች፤ ቀጥሎም ከጉባኤ ቀረች። «ልጁ አሞት ይሆናል» ተባባልን።

ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ከቡሬ ገጠር የመጡ አማቷን አገኘሁ። እርሳቸው ከእኛ እምነት አይደሉም፤ አርብ ረቡዕ የሚጾሙ፣ ማተባቸውን ያልፈቱ እናት ናቸው። ምራታቸውን ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ከአገር ቤት ባመጡት ለጋ ቅቤ ራሷን በቀስታ ያሹላታል። ስለ ጄሉና ስለ ሹሩባው የሰሙ ኖሯል መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝና «ይኼ እኮ አዲስ የበቀለ ነው፣ ልጄ። ቡቃያውን አረም መሰላችሁ እንዴ?» አሉኝ። የጤፍ ማሳ ላይ ተጎንብሳ የምታርም ሴት ቡቃያና አረም መለየት አለባት፤ እኔ አልለየሁም። የምመልሰው ጠፍቶኝ ቡናውን ፉት አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነበር ስለ ነገሩ ማንበብና በጤና ሙያ ያሉ እኅቶችን መጠየቅ የጀመርኩት። በእርግዝና ጊዜ በሰውነታችን የሚጨምረው ሆርሞን ሊረግፍ የሚገባውን ጸጉር ይዞ ያቆየዋል። ስንወልድ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ያ የቆየው ሁሉ ከወሊድ በኋላ በሁለትና በአራት ወር መካከል በአንድነት ይረግፋል። በሽታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሲሞላው ጸጉሩም ይመለሳል። ጸጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ በወሊድ ማግሥት የበቀለው በስድስተኛው ወር ከጣት አይበልጥም። ረጅሙ ውስጥ ለመግባት አጭር፣ ተጋድሞ ለመተኛት ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ ይቆማል።

የሚቆም ሁሉ ግን አዲስ ጸጉር አይደለም። እኔ ራሴ ለዓመታት ለእሑድ ስል ቅዳሜ ማታ ፒያስትራ የምጠቀም ሴት ነበርኩና አናቴ ላይ የሚቆሙት የተሰበሩ ናቸው። ለመለየት አንዷን ፀሐይ ላይ ያዟት፤ ጫፏ እንደ መርፌ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ አዲስ የበቀለች ናት፤ ደፍጠጥ ወይም ስንጥቅ ያለ ከሆነ ተሰብራለች። ለተሰበረው መድኃኒቱ የሰበረውን ነገር መተው ነው፤ እሳቱን፣ ሪላክሰር ላይ ሪላክሰር መደራረቡን፣ ደረቅ ጸጉር ከሥሩ ጀምሮ ማበጠሩን። አዲስ የበቀለው ደግሞ የሚፈልገው እንዳንጎትተው ብቻ ነው። ዘወትር የሚጎተት ጸጉር ሥሩ ይቆስላል። ቶሎ ከተላቀቀ ይድናል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸ ስንት እናቶች እናውቃለን!

ይህን ስል ሹሩባን መኰነኔ አይደለም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ ሐዋርያው ሽሩባን ከወርቅና ከዕንቁ ጋር ስለጠቀሰ፣ አንዳንድ ወገኖች የአገራችንን ሹሩባ ከዚያ ጋር ሲያያይዙ እሰማለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን ይህን ክፍል ስናጠና፣ ንግግሩ በኤፌሶን ባለጠጎቹ ሴቶች ሀብታቸውን በራሳቸው ላይ ስለሚያሳዩበት ጌጥ መሆኑን ተምረናል። በእኛ አገር ሹሩባ የጀግና ምልክትም ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ላይ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተቆርጦ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ለአገሩ ሲመለስ ስንቱ ሰው አልቅሷል! ክፋቱ መጥበቁ ላይ ነው። የእኔ ክፋት ደግሞ የጳውሎስን ቃል ስለ ጌጥ እየጠቀስኩ፣ ለመልክ ያለኝን ጭንቀት በሌላ ሴት ግንባር ላይ መጫኔ ነበር።

አሁን እኅቶች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የአማቲቱን ነገር ነው፤ ጥቂት ከራሴ ጨምሬበት። ጸጉሩን በውኃ በራስ ካደረጉት በኋላ በመዳፍ መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ቅቤ ወይም ዘይት አሽቶ፣ በዚያ መዳፍ አጫጭሮቹን ወደሚተኙበት አቅጣጫ መዳበስ። ከፈለጉ ለዚሁ በተለየ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማስተኛት ይቻላል። ከዚያ ለስላሳ ሻሽ ዐሥር ደቂቃ ያህል አስሮ መፍታት ነው። በበዓል ቀን ጄል ብታደርጉ አልቆጣም፤ በየቀኑ ግን ያደርቃል። ሹሩባ ስትሠሩ ለሠሪዋ «የፊቱን ተይልኝ» በሏት፤ ራሳችሁን ካመማችሁ ጠብቋልና ሳታፍሩ አስፈቱት። ሌሊትም ሻሽ አስራችሁ ተኙ። ቅቤ የሚያደርገው በጸጉሩ ላይ ሆኖ እርጥበቱን መጠበቅና ማለስለስ ነው፤ ፎረፎር ላለበት ራስ ግን ቅባት ሲበዛ ይብስበታል። የሚያሳክክ፣ የሚቀረፍ ወይም ክብ ሆኖ የሚላጥ ነገር ካያችሁ ጭርት ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓመት አልፎም መርገፉ ካልቆመ የደም ማነስ እንዳይሆን ተመርመሩ። እንጸልያለን፤ እንመረመራለንም።

ምላጭን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ተዉት።

ያን ቀን አማቷ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺማ ምን አደረግሽ» ብላ ልታቀልልኝ ፈለገች፤ አማቲቱ ግን «ታድርግ፣ ተያት» አሏት፤ እውነታቸውን ነው። በሌላ ቀን መዘምራኑ ሁሉ ባሉበት ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ የመዘምራንን ጸጉር የሚመለከተው ደንባችን አንድ መስመር ነው፤ ንጹሕ ይሁን ይላል።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ልጇን አዝላ ለልምምድ መጣች፤ ግንባሯ ላይ ያሉት ጸጉሮች አሁንም ቆመው ነበር። ከመካከላችን አንዲቷ «ዘውድ ደፍተሽ መጣሽ?» ስትላት ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች። እነዚያ ዛሬ አድገው ከረጅሙ ጋር ይያዛሉ። በግራ ጆሮ ግንዷ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል ቦታ እስከ ዛሬ አልሞላችም። ነጠላዋን ስትለብስ ወደዚያ ጎን ሳብ ታደርገዋለች።