በየት በኩል ልቀመጥ?

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርኩት ለሽርሽር አልነበረም። እናቴ ታማ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ሆስፒታል መላኳን ሰማሁ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አጎቴ «በአውቶቡስ ስትንፏቀቅ አትደርስላትም» ብሎ ቲኬቱን ገዛልኝ።

እናቱ ታማበት ስለ መስኮት የሚያስብ ሰው አለ? ታዘቡኝ፤ እኔ አሰብኩ። ዶርም ውስጥ ወሬው እንደተሰማ ጓደኞቼ «አይዞህ» አሉኝና ወዲያው ክርክር ገጠሙ። አንዱ «በግራ ተቀመጥ፣ ጣና ይታይሃል» አለ። ሌላው «የጠዋት በረራ ከሆነማ በቀኝ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች» ሲል ደገፈው። ልክ ናቸው፤ ወደ ሰሜን ለሚበር ሰው ምሥራቅ በቀኙ ነው። እኔም መዝጋቢዋን «በግራ፣ በመስኮት በኩል» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

ባለ ፕሮፔለር ነበረች። ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የሚጋርድ ነገር የለም። የዓባይን ሸለቆ ተሻግረን ጎጃምን እንዳለፍን ጣና ተዘረጋ። እንዴት ያለ ውሃ ነው! ዳሩ ግን በምሥራቅ ዳርቻው ቅራሪ መስሎ ደፍርሷል። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው እዚያ ይገባሉ። የደፈረሰው ያባቴ ማሳ አፈር ነበር።

ወዲያው በቀኝ መስኮት የተቀመጠ ሕፃን «አባባ፣ እነዚያ አረንጓዴ ክቦች ምንድን ናቸው?» ሲል ሰማሁ። አባቱም «የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው» አለው። አንገቴን አስግጌ ባይ ከሰማይ በቀር አልታየኝም። አገሬ በወዲያኛው መስኮት እያለፈ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ እናቴ ነቅታለች። እጄን ያዘችና

«በሰማይ ነው አሉ የመጣኸው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ደብራችን ታየህ? አባትህ ያረፈበት?»

ምን ልበላት? «ታየኝ» አልኩ።

«ጽዶቹ አሉ?»

«አሉ።»

ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ጣናን አየሁ ብላት ኖሮ እንዲህ ፈገግ አትልም ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ከቀትር በኋላ በነበረው በረራ ስመለስ፣ እንደገና «በግራ» አልኩ። ወደ ደቡብ ሲኬድ ምሥራቁ በግራ ነው፤ ፀሐይዋም በማዶኛው በኩል ትሆናለች። የሄድኩበት ጉዳይ ውሸቴን እውነት ማድረግ ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ከሩቅ ቆሟል። ወሩ ኅዳር ነውና አዝመራው ቢጫ ነው። በቢጫው መሐል ጥቁር አረንጓዴ ክቦች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም መሐሉ ላይ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። ባሕር ዛፍ በመስመር ስለሚተከል ያስታውቃል። እነዚህ ግን ክብ ናቸው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ከሃያ በላይ ቆጠርኩ። የኛ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማገላበጥ ጀመርኩ። «እመጓ»ን የጻፈልን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በነዚሁ ክቦች ላይ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው አብዛኛው ደን ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለማገዶ ሲመነጠር፣ አገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው ሰው ምሳር ለማንሳት በሚፈራበት በዚያ ቅጥር ውስጥ ነው። እኔ በልጅነቴ ጥላው ሥር እየተጫወትኩ ዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ድና ቤቷ ገብታለች። እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም። ለፋሲካ በአውቶቡስ እሄድና ከጽዶቹ ሥር ቁጭ ብለን እነግራታለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

እናንተም ወደ ጎንደር የምትበሩ ከሆነ፣ ጣናን በግራ እዩት፤ አይጠገብም። ግን ያ የደፈረሰ ዳርቻ ሲመጣ በቀኝ የተቀመጠውን ሰው «ወንድሜ፣ አንዴ ልይ» በሉት። አፈሩ በአንደኛው መስኮት ሲሄድ፣ አፈሩን የያዘው ዛፍ በሌላው ነው ያለው።