ቲታን፤ ብርቱካንማ ሰማይ ያላት አገር

የሳተርን ታላቅ ጨረቃ ወደ ሆነችው ወደ ቲታን ቢሄዱ፣ ካባ ቢደርቡም አይበቃዎትም፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው። ሰማይዋ ብርቱካንማ ጭጋግ ለብሷል፤ አየሯም ከምድራችን አንድ ተኩል ጊዜ አብልጦ ይጫናል። ሃይገንስ የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም. ባረፈች ጊዜ፣ ያገኘችው ጠጠር ድንጋይ ሳይሆን በረዶ ነበር።

ይህ ሁሉ አየር ከየት መጣ? አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ሊቃውንት እንደሚሉት ጥንት በበረዶ ውስጥ ከታመቀ አሞንያ የወጣ ነው። የሚዘንበው ግን ሜቴን ነው። እርሱንም የፀሐይ ብርሃን ሳያቋርጥ ይሰባብረዋል፤ ጭጋጉም ከዚያው ስባሪ የተሠራ ነው። ምትክ ካላገኘ፣ በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ያልቃል። ታዲያ እስከ ዛሬ መዝነቡ፣ በከርሷ የተሰወረ ጓዳ እንዳላት ሊቃውንቱን አስጠርጥሯቸዋል።