ለለቅሶም ለሕክምናም ያልሆነ ጉዞ

በሐረር፣ በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ አንዲት እናት ሻንጣ አንጠልጥላ በሸዋ በር ብታልፍ የሚጠብቃት ጥያቄ የታወቀ ነው። «ደኅና ነው? ማን ሞተ?» ትባላለች። ሰርግ ከሆነ ፊቷ ይናገራል፤ ሕክምና ከሆነም ሰፈርተኛው አስቀድሞ ሰምቷል። ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ ልጅ አስከትሎ፣ ገንዘብ ከስክሶ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። አፎቻው ለሰርግና ለለቅሶ የቆመ ነው፤ ዕድሩም እንዲሁ። ለሽርሽር ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር እኔ በሰፈሬ አላየሁም።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የስድስት ዓመት ልጄ ናት። እናቴ ታማ ለሕክምና አዲስ አበባ ተወስዳ ነበር፤ በዚያው ዐረፈች። ከዓመት በኋላ ባለቤቴና እኔ «ዘንድሮ ልጆቹን አዲስ አበባ ወስደን እናሳያቸው» ስንባባል ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማን ታመመ?» አለች። ማንም እንዳልታመመ ብነግራትም ያን ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ገብታ አደረች። ለርሷ አዲስ አበባ ሰው የሚሄድበት እንጂ የሚመለስበት ከተማ አልነበረችም። ዋና ከተማችንን በሆስፒታል ቀጠሮ ብቻ የሚያውቅ ልጅ በሐረር ጥቂት እንዳልሆነ ከጎረቤቶቼም ተረድቻለሁ። እንግዲህ ዝግጅቱ ከሻንጣ በፊት ከዚህ ይጀምራል፤ ልጁ ለምን እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር፣ ከሁሉም በላይ መቼ እንደሚመለስ በቀን ተቆጥሮ ሊነገረው ይገባል። እኛ ቤት የቀን መቁጠሪያው ላይ የመመለሻው ቀን በቀይ ተከብቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጄ የመሄጃውን ቀን ትታ በየማለዳው የምትመለከተው እርሱን ነው።

ስለ ጊዜው። ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ልጅን በጭቃ እየጎተቱ ከተማ ማሳየት ለማንም አይበጅም። በተጨማሪም ክረምቱ ሲያልቅ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይመጣል። በበኩሌ የምመርጠው የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያበቃ ያለውን አጭር ዕረፍት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አምስት ስድስት ቀንም ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ሠራተኛ እናቶች እንደሚያውቁት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ይህን ዕረፍት ቤት ለማጽዳትና በርበሬ ለማዘጋጀት የምንጨርስ ብዙ ነን። ታዲያ የዕረፍት ፕሮግራም በመሥሪያ ቤት ሲወጣ ቀኑን አስቀድሞ ማስመዝገብ ያሻል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 አካባቢ ግን መንገዱ በቁልቢ ገብርኤል ምእመናን ስለሚጨናነቅ፣ ለንግሥ የማይሄድ ቤተሰብ እነዚያን ሳምንታት ቢያሳልፍ ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንዲት በመኪና ግርግር ጨርቅ የምትሸጥ እናት የነገረችኝን ልጥቀስ። «እቁቤ የሚደርሰኝን ወር ለምኜ አስቀየርኩ። ዳኛው ምን ገጠመሽ ሲለኝ፣ ምንም አልገጠመኝም፣ ልጆቼን አንበሳ ላሳይ ነው አልኩት። ሳቀና እሺ አለኝ» ብላኛለች። ለዕረፍት ብሎ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል ብለን የምንፈራው፣ ሲጠየቅ ይህን ያህል አስፈሪ አይደለም።

በአውቶቡስ ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ ውሃ የተመለሰበትን የሐረማያን ሐይቅ፣ የሂርናንና የጭሮን ተራሮች፣ ከዚያም አዋሽንና በመተሐራ በኩል አስፋልቱን ተጠግቶ የተኛውን የበሰቃን ሐይቅ ልጆች በመስኮት ያያሉ፤ እንቅልፍ ካልወሰዳቸው። ባቡር ለሚመርጥ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ድሬዳዋ መውረድ ያስፈልጋል። የደንገጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጅን በባዶ ሆዱም በጥጋብም አያስጉዙት፤ ትንሽ ደረቅ ዳቦና ላስቲክ ከእጅዎ አይለዩ። አያቶቻችን የተሳፈሩበት አሮጌ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የቆመው በከተማው እምብርት፣ ለገሃር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚያወርደው በከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። እናም ከጣቢያው ወደ ማረፊያ የሚወስድ ታክሲ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። የጉዞ ቀኑንና የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳት በፊት ደጋግሞ መጠየቅም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ ማረፊያ። ዘመድ እያለ ሆቴል ማረፍ በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ቤቴ ምን ጎደለው?» የሚል ቅሬታ ለዓመታት ይከተላል። ነገር ግን የዘመድ ቤት ዕረፍት የማን ዕረፍት እንደሆነ እናስብ። አባት ሳሎን ተቀምጦ ወሬ ይዟል፣ ልጆች ከአክስት ልጆች ጋር ይሯሯጣሉ፤ እናት ግን ነጠላዋን አሸርጣ የባሏ እህት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። «ተቀመጪ እንጂ እቴ!» ብትባልም አትቀመጥም፤ ብትቀመጥ እንደምትታማ ታውቃለች። ከዚያም የአጎት ቤት፣ የአበልጅ ቤት፣ ዓምና ለቅሶ ያልተደረሰበት ቤት ይቀጥላል። ሳምንቱ ያልቃል፤ ልጆቹ ያዩት ሶፋና ቴሌቪዥን ብቻ ይሆናል።

እኛ ቤት ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። ለሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት፣ ለሦስት ሌሊት መጠነኛ እንግዳ ማረፊያ። ለባለቤቴ እህት የደወለው ባለቤቴ ራሱ ነው፤ ይህን እኔ ብናገር ሌላ ትርጉም ይሰጠው ነበር። እርሷም «ወንድም ጋሼ፣ ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ጥቂት ካኮረፈች በኋላ ተስማምታለች። ዘመድ ለመጠየቅ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመድቧል፤ ሁሉም በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። ከእኛ በኩል የሐረር ሐልዋ፣ ቡናና የባቢሌ ኦቾሎኒ ይቀርባል። ሙስሊምና ክርስቲያን በሚዛመዱባት በሐረር እንደምናደርገው ሁሉ፣ የሥጋውን ነገር ለአስተናጋጅ አስቀድሞ በስልክ መንገርም ማዕድ ላይ ከሚመጣ መሳቀቅ ያድናል።

የጀጎል ልጅ መጥፋትን አያውቅም። ግንቡ የከበበው ቦታ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየትኛውም ጠባብ መንገድ ቢገባ «የእገሌ ልጅ» ብሎ እጁን ይዞ የሚመልሰው ሰው አለ። አዲስ አበባ ይህ የለም። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ የእናቱንና የአባቱንም ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ፤ ለማያነብ ሕፃን ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይሰፋለት። መንገድ መሻገርንም አስቀድሞ ማለማመድ ይገባል። ልጄን ያለማመድኳት ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጆቹ መሃል ነው፤ እዚያ የተሻገረ የትም ይሻገራል የምትል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ምን እናሳያቸው? በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አይበልጥ ባይ ነኝ። አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ አለች። ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ሲሆን እውነተኛው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ሲባል ሕፃናት «ከአያቴም ትበልጣለች?» ማለታቸው አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ቤተ መንግሥቱንና አንበሶቹን አንድ ላይ ይዟል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ግን የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ከዚህ ተነሥተው ዓድዋ መዝመታቸውን ለልጆችዎ ይንገሯቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር መሳፈር ብቻውን ለልጅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ዋጋውም አይጎዳም። እንጦጦ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከ1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ለሚመጣ የሐረር ልጅ ይበርደዋል፣ ቶሎም ይደክመዋልና የመጀመሪያው ቀን አይሁን። መርካቶ የእናት ብቻ ይሁን። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ይቆዩ፤ አባት ግማሽ ቀን ልጅ መያዝ ይችላል።

ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ አበባን የሚያውቁ ወላጆችም ይዘጋጁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለፈረሱ፣ «እኔ ተማሪ ሳለሁ ኬክ የበላሁበት» ብለው የሚያሳዩት ቤት ላይኖር ይችላል።

ልጄ እስካሁን የመረጠችው አንበሶቹን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ፤ አያቷ የነበረችበትን ሆስፒታል ከውጭ ማየት ትፈልጋለች። ባለቤቴ ይቅር አለ። እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን፣ አንበሶቹን ካየች በኋላ፣ ከታክሲ ሳንወርድ በደጁ እናልፋለን ብያታለሁ። ሹራቧ ከሻንጣው ላይኛው በኩል ተቀምጧል፤ ድሬዳዋ ሙቀት ስለሆነ አትለብሰውም፣ አዲስ አበባ ስንወርድ ግን ሳይመሽም ቢሆን ያስፈልጋታል።