ነፋስ የወሰደውንና ያልወሰደውን ስለ መለየት

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ በግንቦት ወር ብርቱ ነፋስ የሚነሣበት፤ በረዶም የሚወርድበት ቀን አይታጣም። በ2015 ዓ.ም. በዚሁ ወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እንዲህ ያለው ነፋስ ተነሥቶ፤ ከቤቴ ጣሪያ 14 ቆርቆሮ ከነማገሩ ነቅሎ በጎረቤት አጥር ላይ ጣለው። ሰው ግን አልተጎዳም።

ማታ ደግሞ ዝናብ ስለ ጨመረ የሳሎኑ ኮርኒስ ረጥቦ ወረደ። እኔም የቤት መድን ውል በመሳቢያዬ ስላለ፤ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ይሆንልኛል ብዬ ተጽናናሁ። ባለቤቴ ግን «ለመሆኑ ውሉን አንብበውታልን?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓረቦኑን ስድስት ዓመት ያለ ማቋረጥ ከፍያለሁ፤ ወረቀቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላነበብሁትም ነበርና አፈርሁ።

መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ በሻማ ብናነበው ሦስት ነገር ተረዳን። መጀመሪያ፤ የእሳት መድን የሚባለው በመሠረቱ ለእሳትና ለመብረቅ ነው፤ ዐውሎ ነፋስ ግን ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎበት ለብቻው የሚገባ ነው። በእኔ ውል ውስጥ መግባቱም ውሉን ያዘጋጀው ጸሐፊ ስለ መከረኝ ነው እንጂ ከጥንቃቄዬ የተነሣ አይደለም። ሁለተኛ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንደሚያዝዘው፤ ባለ ውሉ የደረሰበትን አደጋ ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። ሦስተኛው ነገር ግን አሳዘነኝ፤ ቤቴ የተመዘገበው ዛሬ ከሚያወጣው ዋጋ በግማሽ ነበረ። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ1 ሚሊዮን ብር ቢመዘገብና የ80 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፤ የሚከፈለው 40 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሣል። ለቀረው ግማሽ ባለቤቱ ራሱ ለራሱ መድን እንደ ሆነ ይቈጠራልና።

በማግሥቱ ጥዋት አስቀድመን የፈረሰውን ሁሉ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ እንዳይብስ ጣሪያውን በሸራ ሸፈንን። የሸራውንና የሠራተኛውን ደረሰኝ አስቀመጥን፤ የወደቀውንም ቆርቆሮ ገማቹ ሳያየው እንዳይጣል በግቢው ጥግ ደረደርነው።

ይህ ካለቀ በኋላ የ12 ዓመት ልጄን አስቀምጬ የጉዳቱን ዝርዝር አጻፍሁት። «ቆርቆሮ 14» ካልሁ በኋላ የማድ ቤቱ ጣሪያ ትዝ አለኝ። እርሱ ከዝገት የተነሣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሚያፈስ ነው። ግማሽ ብቻ የሚከፈለኝ መሆኑም አስቈጥቶኝ ነበርና «የማድ ቤቱን 6 ጨምርና 20 አድርገው» አልሁት። ልጁም ብዕሩን አንሥቶ «አባባ፤ የማድ ቤቱንም ነፋስ ነው ያበላሸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በመሥሪያ ቤት የሌላውን ሰው ሒሳብ ስመረምር ብዙ ዘመን የኖርሁ ስሆን፤ ለልጄ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ጥቂት ቈይቼም «አይደለም፤ 14 ብለህ ተወው» አልሁት።

ማመልከቻውን በሦስተኛው ቀን ራሴ አድርሼ፤ በግልባጩ ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስጻፍሁ። ገማቹ በመጣ ጊዜ በመሰላል ወጥቶ የምስማሩን ቀዳዳ አንድ በአንድ ተመለከተ፤ በነፋስ የተቀደደውንና በዝገት የተበላውን መለየት ለእርሱ ቀላል ነበረ። የማድ ቤቱንም ጣሪያ አይቶ «ይህን ከዝርዝሩ አለማግባትዎ ደግ ነው፤ በአንዱ ሐሰት ከተገኘ የሌላውም ካሳ ሊቀር ይችላል» አለኝ። ልጄ በአጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ የሰኔን ዝናብ በሸራ ሥር አሳለፍን። በሐምሌ የተከፈለን ከወጪያችን ግማሹን እንኳ አልሞላም፤ የቀረውን ከቍጠባችን ሞላን፤ የማድ ቤቱንም በገንዘባችን አሠራን። ውሉንም ስናድስ ቤቱን በዛሬ ዋጋው አስመዘገብሁት።

እንግዲህ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆናችሁ አንባቢዎች፤ ሰማዩ ሳይጠቍር ውላችሁን ከመሳቢያው አውጥታችሁ ዐውሎ ነፋስ የገባበት እንደ ሆነ፤ ዋጋውም የዛሬ እንደ ሆነ ከቤተሰባችሁ ጋር አንብቡት። አደጋ ደርሶባችሁ የጉዳቱን ዝርዝር በምትጽፉበትም ጊዜ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ እኔን ከስሕተት ያዳነኝ የልጄ ጥያቄ ነውና።