ዘይትና ደራሽ

ከመኪና አካላት ሁሉ እንደ ዘይት ቋት ያለ ዕድለ ቢስ ያለ አይመስለኝም። ሰው መኪና ሲያደንቅ ቀለሟን ያያል፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ሞተሯን አስነሥቶ ድምፅዋን ያዳምጣል። ከሆዷ ሥር ተለጥፎ ጭቃና ጠጠር የሚቀበለውን ያን ሣህን ጎንበስ ብሎ የሚያየው መካኒክ ብቻ ነው፤ እርሱም ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር። የጋራዥ ሰዎች «ኮፓ» ይሉታል። ጣልያን በ1930ዎቹ ይህን አገር በመንገድ ሲሸነሽን ከ«ካምቢዮ»ና ከ«ላሜራ» ጋር ትቶልን የሄደ ቃል ነው።

ከእነዚያ መንገዶች አንዱ በቆቦ ያልፋል። ከወልድያ ተነሥቶ ሮቢትን፣ ቆቦንና ዋጃን አቋርጦ አላማጣ ሲደርስ የራያ ሜዳ ያልቅና የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ይጀምራል። ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ኮረም ላይ 2,500 ሜትር ገደማ የሚደርስ አቀበት ነው። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ ይህን አቀበት ሊወጡ በተዘጋጁና ከዚያ በወረዱ የጭነት መኪኖች ሥር ተንጋሎ ካምቢዮ ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ብዙ አይናገርም። ልጁ አሜሪካ ከሄደ በኋላ የስልክ ወጋቸው እንደ ደብዳቤ መግቢያ ሆኖ ቀረ፤ ጤና ይጠየቃል፣ ዝናብ ይጠየቃል፣ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ያበቃል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደርሶ መስመሩ ለወራት ሲቋረጥ ያቺም ጠፋች። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱም «ተመስገን» ከማለት በቀር ቃል አላገኙም። ልጁም እንደ አባቱ መካኒክ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ማዶ ምን እንደሚፈታና ምን እንደሚገጥም አጎቴ በዓይነ ሕሊናው ማየት አልቻለም ነበር። አባት የልጁን የቀን ውሎ መገመት ሲያቅተው ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይሆንም።

ታዲያ አንድ ቀን ልጁ ፎቶግራፍ ላከ። ከአልሙኒየም የተሠራ፣ ጥልቅ፣ ከውጭ በኩል ሙቀት የሚያስተነፍሱ ክንፎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩበት ኮፓ ነበር። ስልኩን ለአጎቴ የያዝኩለት እኔ ነበርኩና የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

ኮፓው የተሠራው «ድራግ ሬሲንግ» ለሚባለው ውድድር ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራት ሲበራላቸው በቀጥታ መስመር ይወነጨፋሉ። የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው፤ እጅግ ፈጣን የሆኑት ሁለት ምድቦች ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ተወዳዳሪ ከሞተ በኋላ ወደ 305 ሜትር አሳጥረውታል። ብዙዎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ይጠቀማሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1973 የተመረተውና ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው የሸቭሮሌት ፓወርግላይድ እስከ ዛሬ በዚህ ሜዳ ተፈላጊ ነው።

መኪናዋ ስትፈናጠር ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቋቱ ሙሉ ነው፤ ዘይት የሚስበው አፍ ባለበት ግን ዘይት የለም። ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ በግፊቱ ተጣብቀው ኃይል ሊያስተላልፉ የሚገባቸው የፍሪሲዮን ሣህኖች ይንሸራተቱና ይቃጠላሉ። ስለዚህ ቋቱን ጥልቅ አድርገው ከአንድ እስከ ሦስት ሊትር ያህል ይጨምሩበታል። የሚስበውንም አፍ ከጥልቀቱ ጋር ወደ ታች ያስረዝሙታል፤ አለዚያ የተጨመረው ዘይት ከአፉ በታች ተኝቶ ይቀራል። በአንዳንዱም ቋት ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች ያቆሙበታል።

አጎቴ መጀመሪያ የጠየቀው የራያ መካኒክ የሚጠይቀውን ነው።

«ይኼን ያህል ወደ ታች ከወረደ ድንጋይ አይመታውም?»

«ድንጋይ የለም አባ፤ መንገዱ ልሙጥ ነው።»

«ግድግዳውስ? ዘይቱን ካሰረው እንዴት ይዘዋወራል?»

«አያስረውም፤ ያዘገየዋል እንጂ።»

አጎቴ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ፊቱ በራና «ክትር ነዋ!» አለ።

ይህን ቃል ለመረዳት የራያን ክረምት ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዳው የራሱ ዝናብ አይበቃውም። በምዕራብ ያለው ደጋ ሲዘንብለት ግን ጎሊናና ሆርማት ደራሽ ሆነው ይወርዳሉ። ውኃው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ይሮጣል። ካልያዙት ጎሊና የዞብልን ተራሮች ሰንጥቆ ወደ አፋር ይነጉዳል፤ ማሽላው እንደ ተጠማ ይቀራል። ገበሬው አፈር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ደርድሮ ከደራሹ ይጠልፋል፤ ማሳው ውስጥም ውኃው ሰክኖ እስኪሰርግ ድረስ በትናንሽ ገደብ ያዘገየዋል። ኃይለኛ ደራሽ የመጣ እንደሆነ ክትሩ ይናዳል፤ ሰው ተሰብስቦ መልሶ ይሠራዋል።

ያን ቀን አባትና ልጅ አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። ልጁ በልጅነቱ ለአያታችን ክትር ቅርንጫፍ ሲጎትት እሾህ የወጋውን እግሩን አነሣ፤ አጎቴ የትኛው እግር እንደ ነበር ነገረው። ከኮፓ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ እናቱ መቃብር ተሻገሩ። እኔ ስልኩን ለአጎቴ ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አሰላስላለሁ። ከራያ ቆላ ስንቱ ወጣት በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሯል! ይህን ፍልሰት እንደ ደራሽ አድርገን እናወራዋለን፤ መፍትሔውንም በአጥር እንፈልጋለን። ክትር ግን አጥር አይደለም። የራያ ገበሬ ወንዙን ላቁመው ብሎ አያውቅም፤ የሚያልፈው ውኃ ለማሳው ድርሻውን ሳይሰጥ እንዳይሄድ ይደክማል እንጂ። የሄደ ልጅ አይመለስ ይሆናል። ቢሆንም በእርሱና በአባቱ መካከል የሚቆም፣ ፍጥነቱን ጥቂት የሚያበርድ አንድ ነገር ካለ፣ ከእርሱ የሚሰርግ ነገር አይጠፋም። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ የአልሙኒየም ሣህን በቂ ሆነ።

አጎቴ አሁን ስልክ ሲደወል ስለ ዝናብ አስቀድሞ አይጠይቅም። ባለፈው ሳምንት ልጁን ያስቸገረው ስለ ግድግዳው ቀዳዳ ነበር፤ ስፋቱ ስንት ጣት ይሆናል እያለ።