የእድሩ ደብተር

እኔ የእድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ደመወዝ የለኝም። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ጡሩምባ ነፊውም በነጻ ነው የሚሠሩት። ሁላችንም ገበሬዎች ነን። በአዘቦት እናርሳለን፤ የእድሩን ጉዳይ በሰንበት እናያለን።

ስለ ደብተር ልነግራችሁ ነው። በመጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናገር።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በ1970ዎቹ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥኩትም ፊደል ስለማውቅ ነበር። እኔ ግን አልጽፍም ነበር። ያን ጊዜ 48 አባወራ ነበርን። የወር መዋጮው 5 ብር ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉን በልቤ እይዛለሁ። ሰው «እሱ እኮ አይረሳም» ሲለኝ ደስ ይለኛል። መጻፍ ለሚረሳ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን ሞተ። ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ። በእድራችን ደንብ፣ የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ሰው የቀብር ገንዘብ አያገኝም። ገንዘቡ 600 ብር ነው። ዳኛው ጠየቀኝ። «የሦስት ወር አለባቸው» አልኩ።

ሚስቲቱ ሐዘን ላይ ተቀምጣ ሰማች።

«አያ፣ ከፍዬሃለሁ እኮ! በገበያ ለት፣ ወንዙ ዳር፣ 15 ብር በእጅህ ሰጥቼሃለሁ» አለችኝ።

እኔ ትዝ አላለኝም። ማልኩ። እሷም ማለች። ምስክር የለም፤ ወረቀት የለም። ሰው እኔን አመነ። እሷ ጊደሯን ሸጣ ለቀስተኛውን አስተናገደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእድሩን ሣጥን ከፍተን ቆጠርን። በልቤ የያዝኩት 1,310 ብር ነው። የተገኘው ግን 1,325 ብር ሆነ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሣጥኑ ወለደ!» አሉ። ጎድሎ ቢሆን ሌባ እባል ነበር። የተረፈ ገንዘብ ግን ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ አልሳቅሁም። ያ 15 ብር የማን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። መንገድ ላይ ተቀብዬ፣ ሣጥን ውስጥ ጨምሬ፣ ረስቼዋለሁ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ለዳኛው ነገርኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ በሰው ፊት ተናገርኩ። 600 ብሩ ተሰጣት። ጊደሯ ግን አልተመለሰችም።

ደብተር የገዛነው ከዚያ ወዲህ ነው። አያያዙ ከባድ አይደለም። በገጹ ላይ መስመር አስምረን አምስት ቦታ ከፈልነው፦ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ዛሬ 53 አባወራ ነን፤ መዋጮው 50 ብር ደርሷል። ሁሉም ከከፈለ የወሩ ገቢ 2,650 ብር ነው። ካለፈው ወር የዞረ 4,200 ብር አለ እንበል። ሲደመር 6,850 ብር ይሆናል። ድንኳን ለማስጠገን 700 ብር ወጣ። ቀሪ 6,150 ብር። ሣጥኑ ሲከፈት 6,150 ብር መገኘት አለበት። አንድ ብር ቢጎድልም ቢተርፍም እንጠይቃለን።

ገንዘቡን እኔ እይዛለሁ፤ ደብተሩን ጸሐፊው ይይዛል። ያለ ዳኛው ፊርማ ወጪ የለም። አንዳንዱ «አትተማመኑም ወይ?» ይለናል። እንተማመናለን። ነገር ግን እኔ ከማልኩ በኋላ እኔ ራሴ በልቤ አልተማመንም።

የደብተሩ ገጽ ሁሉ ቁጥር አለው። ቅጠል አይቀደድም። ስሕተት ቢኖር አንፍቅም፤ በአንድ መስመር ሰርዘን አጠገቡ ትክክሉን ጽፈን እንፈርማለን። መፈረም የማይችል አሻራውን ያደርጋል። ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ ወንበሩም ይመዘገባል። ብርጭቆ እንኳ መቼም አይሞላልንም።

ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ከሥሩ ካርቦን ስላለ አንዱ ለከፋዩ፣ አንዱ ለእድሩ ይቀራል። መንገድ ላይ ገንዘብ አልቀበልም። በዚህ የተቀየሙኝ አሉ፤ ይቀየሙ።

ያቺ ሴት ዛሬም አባል ናት። እሷም ፊደል ቆጥራለች። በስብሰባ ቀን ትመጣና ብሯን ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች። እጇን ግን ከላዩ አታነሳም። እኔ ደረሰኙን እጽፋለሁ። በግራ እጇ ተቀብላ ስሟን ታነባለች፤ ቀኑን ታነባለች፤ የብሩን ልክ ታነባለች። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጇን ታነሳለች።