መቃ፣ ፓርከር፣ ቢክ፤ ላሊበላ ዛሬ በምን ትጽፋለች?

ላሊበላ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ድንጋይ ነው። አይፈረድበትም። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሰውን አፍ የሚያስከፍቱ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ስለዚህ ስፍራ ሲጽፍ፣ ከዚህ በላይ ብቀጥል የሚያምነኝ የለም ብሎ ብዕሩን ሰብስቧል።

እኔ ግን በዚህኛው ጉዞዬ ዓይኔን የጣልኩት በሰው ኪስና በሰው ጣት ላይ ነበር። በሌላው ዓለም ቀለም የሚሞላ ብዕር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሃያ ሠላሳውን በሣጥን ደርድረው ሲገናኙ፣ ስንት እንዳላቸው ከመጠያየቅ ይልቅ “ሰሞኑን የምትጽፍበት የትኛው ነው?” ይባባላሉ። ጥያቄዋን እወዳታለሁ። ሣጥን ውስጥ የተኛ ብዕርና ቀለም የጠጣ ብዕር ለየቅል ናቸውና። ይህችኑ ጥያቄ ይዤ ላስታ ወጣሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታቸው በረንዳ ላይ ቡና ቀርቦልን ነበር። “መምህር፣ ሰሞኑን በየትኛው ነው የሚጽፉት?” ስላቸው ሳቅ አሉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት ጥቁር ፓርከር አወጡ። የክዳኗ ወርቃማ ቅብ ተልጦ ነጥቷል። “ብዕር ማለት ይቺ ናት ልጄ፤ የዛሬው ማጨማለቂያ ነው” አሉኝ።

የዚያን ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። ፓርከር በደረት ኪስ መሰካት ደመወዝ ያለው፣ ፊርማው የሚፈለግ ሰው ምልክት ነበር። “ክዳኑን ብቻ ፈልጎ የሚሰካም አይጠፋም ነበር” ብለው መምህሩ በሳቅ ፈረሱ። የእሳቸው ግን ከነሙሉ አካሏ ናት፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነች። የዕድር መዝገብ ይጽፉባታል፤ የጎረቤት ማመልከቻም ይረቀቅባታል። ቀለሙን አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው በጠርሙስ ትልካለች። ለማንም ግን አያውሱም፤ ጫፏ የእሳቸውን እጅ ለምዷል፣ ሌላ እጅ ያበላሸዋል ባይ ናቸው።

በአውሮፕላን ለሚመጣ ባለ ፓርከርም ምክር አላቸው። ከፍታ ላይ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ወይ ጢም አድርጎ መሙላት፣ ወይ ባዶ ማድረግ፣ ጫፉንም ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ነው። ሸሚዝ የሚያጥብ ሰው ያመሰግናቸዋል።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከበርበሬው፣ ከጨውና ከማሩ አለፍ ብሎ አንድ ወጣት በላስቲክ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ዘርግቷል። እስክሪብቶ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ዕቃው ራሱም ከሩቅ ነው የመጣው። ሃንጋሪያዊው ላዝሎ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1938 ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ ያላትን ብዕር በስሙ አስመዘገበ፤ የፈረንሳዩ ቢክ ደግሞ ከ1950 ጀምሮ ለሁሉም እጅ እንድትደርስ አድርጎ ሸጣት። ላስታ ውስጥም ማንኛዋም ርካሽ እስክሪብቶ ቢክ ትባላለች። አንዲት እናት ከመቀነታቸው ብር ፈተው ሁለት ሲገዙ አየሁ። ሁለቱንም ቀለሙ እስከ ጫፉ ይድረስ እንደሆነ ፀሐይ ላይ አንሥተው አይተዋል።

ልጃቸው 8ኛ ክፍል ናት። የእሷንም ብዕር ጠየቅኋት። ከደብተሯ መሃል ክዳኗ የተታኘከ ቢክ አወጣችልኝ። ጠዋት በብርድ አልጽፍ ሲላት በሁለት መዳፏ መሃል አሽታ ታሞቃታለች፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናትና የደጋ ጠዋት ቀለም ያደርቃል። ስታልቅ ቀፎዋ የታናሽ ወንድሟ ፉጨት ይሆናል።

ላሊበላን የጎበኘ ፈረንጅ ሁሉ ከልጆች አፍ የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፤ “ፔን!” ትላለች። ይህችን ነገር ለእናትየዋ አነሣሁባቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። “የኔ ልጆች አንድም ቀን እጃቸውን አልዘረጉም” አሉኝ። “እስክሪብቶ የሚሰጥ ሰው ይስጥ፤ ግን ትምህርት ቤት ሄዶ ለመምህሩ ይስጥ። መንገድ ላይ ሲሆን ልጄ ትምህርቱን ትታ መንገዱን ትለምዳለች።” እኔም ሙሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ተመናምኗል። በእንግዳ የሚኖረው አስጎብኚ፣ ባለ በቅሎ፣ ባለ ሆቴል ሁሉ ኑሮው ተናግቷል።

ከሁሉም በላይ የቆየሁት ግን ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ መሪጌታ ቤት ነው። ቁም ጸሐፊ ናቸው። ብርሃን ፍለጋ ደጃፋቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም፤ ብራናው ያረፈው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከአጠገባቸው ሁለት የቀለም ቀንዶች ሹል ጫፋቸው መሬት ውስጥ ተተክሎ ቆመዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። የተማረን ሰው “የቀለም ቀንድ” የምንለው ከዚህች ዕቃ ተነሥተን ነው።

“አባ፣ ሰሞኑን የሚጽፉበት የትኛው ነው?”

ከጣሳ ውስጥ ከቆሙት ሰባት መቃዎች ሁለቱን አወጡ። “ይሄ የጥቁሩ፣ ይሄ የቀዩ። አይቀያየሩም። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለርእስም ነው፤ ጥቁር የነካው መቃ እዚያ አይገባም።” ሌሎቹ አምስት ገና ያልተቀረጹ ወይም ያረጁ ናቸው። መቃ በሥራ ብዛት ጫፉ ይላላል፤ ይቆረጣል፣ እንደገና ይቀረጻል፣ እያጠረ ሄዶ ከጣት ሲያንስ ይጣላል።

አቀራረጹን አሳዩኝ። የደረቀ መቃ በሰንጢ አግድም ዘንበል ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሆዱ ይፋቃል፣ ጫፉ ጠፍጠፍ ይላል፤ ከዚያ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣለታል። ነገሩ ያለው ስንጥቁ ላይ ነው። ቀለሙ በዚያች ስንጥቅ እየተሳበ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የመምህሩን ፓርከር ጫፍ በደንብ ያየ ሰው ያችኑ ስንጥቅ ብረት ላይ ያገኛታል። ቋንቋችንም ይህን አልረሳም፤ ብዕር የምንለው በግእዝ ብርዕ ነው፣ ትርጉሙም መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። ቀለም የሚለውም ቃል ጎረቤት አለው። ዐረቦች ቀለም ሲሉ ብዕሩን ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ካላሞስ ይሉታል፣ ሸምበቆ ማለታቸው ነው።

ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ቤት ውስጥ ነው። የምጣድ ጥላሸት ይፋቃል፣ የተቃጠለ ገብስ ይወቀጣል፣ ሙጫና ውኃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በየጊዜው እየተማሰለ ወራት ይቀመጣል። አዘገጃጀቱ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 የአገራችንን የመጻሕፍት አሠራር የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ጉዳዩ የሚያጓጓው ሰው ቢያገኘው አይቆጭም። ጥላሸት ፀሐይ አያደበዝዘውም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በቢክ የተጻፈ ደብዳቤ ካላችሁ አውጡና እዩት፤ ምናልባት ግማሹ ሄዷል። የመቃው ጽሑፍ ግን ብራናው እስካለ ድረስ ጥቁር ነው።

መሪጌታ እየጻፉ ያሉት ዳዊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው። ከመዝሙሩ መቶ ያህሉን ጨርሰዋል። የቀረው የቀረው በዓይናቸው ምክንያት ነው። መነጽር አላቸው፤ እሱም ከቀትር በኋላ አይረዳቸውም። የፍየል ዋጋ ስለናረ ብራናውም እንደ ልብ አይገኝም። ቀድሞ እንግዶች አንድ አንድ ቅጠል ብራና ይገዟቸው ነበር፤ ቤቱ በዚያ ሳንቲም ይደጎም ነበር። አሁን እሱ የለም።

የ13 ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብራናውን በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምርላቸዋል። አያት ወደ ሙሉ ሙያው ሊያስገቡት ይፈልጋሉ። የልጁ እናት፣ የእሳቸው ልጅ፣ ቡና እያፈላች ሰማችንና አላለፈችንም።

“አባዬ፣ ቁም ጽሕፈት ዛሬ እንጀራ አይሆንም። ልጁ ይማርበት።”

“እኔስ አንቺን በምን አሳደግኩሽ?”

“አሳድገኸኛል። አሁንስ ዘንድሮ ስንት ቅጠል ሸጥክ?”

ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች፤ ስኒዎቹን ታጥባለች። እናት ሆኜ ብሆን የምለው እሷ ያለችውን ነው። የታተመው ዳዊት ከከተማ በርካሽ ይመጣል፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ የጸሐፊ ገበያ እየጠበበ እንጂ እየሰፋ አልሄደም። ቢሆንም ጉልበታቸው ላይ ያለውን ገጽ፣ ቀይዋ የእመቤታችን ስም ከጥቁሩ መሃል ብቅ ስትል ያየ ሰው፣ ይቅርበት ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። መቶው መዝሙር አለ፤ ቀሪውን የሚጽፍ ዓይን ግን ይፈለጋል።

ልጁ ከትምህርት ቤት ገባ። በሸሚዙ ኪስ ሰማያዊ ቢክ ተሰክቷል፤ ጣቱም በቀለሟ ነካ ነካ ብሏል። ጥያቄዬን ለእሱም አቀረብኩለት። መጀመሪያ ቢኩን አሳየኝ። ከዚያ እናቱን በዓይኑ ሰረቅ አደረገና ከደብተሩ መሃል አንዲት ቀጭን መቃ አወጣ፤ ራሱ የቀረጻት ናት። አያቱ ተቀበሉት፤ ጫፏን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጫን አድርገው ሞከሩ፣ ወደ ብርሃኑም አዞሯት።

“ስንጥቋ ረዝማለች” አሉና ሰንጢውን አቀበሉት።